ጋሽ አድማሱን ከጨረታ ያስወጣው ፊርማዬ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

መጥሪያው መጣ። የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ ቢሮ ድረስ መጥቶ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ "ወይዘሮ አስቴር የምትባለው ማን ናት?" አለ። በክፍሉ ውስጥ ሌላ አስቴር እንደሌለች እያወቅሁ እኔም ከሰው ጋር ዞር ዞር ብዬ ፈለግሁ። ከዚያ ፈረምኩና ተቀበልኩ። ዘንድሮ ፊርማዬን ያላሳረፍኩበት ወረቀት የለም።

የዛሬ ሳምንት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ "የፈረሙትን ደብዳቤ ቀርበው እንዲያስረዱ" ይላል።

ማንም በማያነበው ደብተር ላይ እንኳ ዳር ዳር ማለት ይቀናኛል። በቀጥታ ልጻፈው። እኔ በመንግሥት ቢሮ የግዥ ባለሙያ ነኝ፣ የጨረታ ገምጋሚ ኮሚቴውም ጸሐፊ። ጋሽ አድማሱ ሥራ ተቋራጭ ናቸው። የሰፈራችን ዕድር ሰብሳቢም ናቸው። የዕድሩ ጸሐፊ ደግሞ እኔ። ከደሴ ተመድቤ እዚህ ቦንጋ ስመጣ ጽሑፏ ያምራል ተባልኩና በሁለተኛው ዓመት ደብተሩን አሸከሙኝ፤ ይኸው እስካሁን አለሁበት።

በውጭ ብድር የሚሠራ የመጠጥ ውኃ መስመር አለ፣ ወደ ዋጫ በኩል። ጨረታውን ጋሽ አድማሱ አሸነፉ። ከተሸነፉት አንዱ ለፈንደሩ፣ ለአበዳሪው ድርጅት፣ ጻፈ፦ የኮሚቴው ጸሐፊና አሸናፊው የአንድ ዕድር ሹሞች ናቸው ብሎ። ከዕድር ደብተራችን አንድ ገጽ ፎቶ አንስቶ አያይዟል። ከግምገማው ቃለ ጉባኤ ጎን ሲያስቀምጡት የእጅ ጽሑፉ አንድ ነው፤ የእኔ ነው። ፈንደሩ ቢሮውን ማብራሪያ ጠየቀ። ቢሮው ጋሽ አድማሱን አንድም ቃል ሳይጠይቅ ሰረዛቸው። ስማቸው ለየመሥሪያ ቤቱ ተበተነ፤ ከእንግዲህ በፈንደሩ ብድር የሚሠራ ነገር አይነኩም። እዚህ አገር ደግሞ ዛሬ ከዚያ ሌላ ምን ሥራ አለ? አቤቱታ ሰሚው ቦርድ "ጉዳዩ የፈንደሩ ነው" ብሎ መለሳቸው። እሳቸውም ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ውሉ ከሁለተኛው ተጫራች ጋር እንዳይፈረም አሳገዱ።

የቀረውን ነገ እጽፋለሁ። ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

የቀረው ይኸው።

መጋቢት ውስጥ ነው። አለቃዬ አቶ ደረጀ በሩን ዘጋና አንድ ገጽ አቀበለኝ። ተተይቦ፣ ስሜ ከታች ተጽፎ፣ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። "ተጫራቹ ከእኔ ጋር ያላቸውን ግንኙነት ሆን ብለው ሰውረዋል። እኔም በግምገማው ወቅት ድርጅቱ የእሳቸው መሆኑን አላውቅም ነበር" ይላል።

አላውቅም ነበር! ሰነዶቹ የተከፈቱ ዕለት የድርጅቱን ስም ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ጋሽ አድማሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ስማቸውን ሳነብ አንገታቸውን ሰበር አደረጉልኝ።

የሚብሰው ሌላ ነው። ግምገማው ከመጀመሩ በፊት የምንሞላው ቅጽ አለ፦ ከተጫራቾቹ ጋር የሥጋ፣ የጋብቻ፣ የንግድ ወይም ሌላ ግንኙነት አለዎት? "ሌላ" የሚለው ጋ ስደርስ ብዕሬን አንስቼ፣ "ዕድርስ ይጻፋል እንዴ?" ብዬ አቶ ደረጀን ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። "ዕድር ከተጻፈማ ቦንጋ ውስጥ ማን ይጫረታል? ማንስ ይገመግማል?" አለ። እውነቱን ነው፤ ኮሚቴው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። "የለም" የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ። ይህን ጥያቄና ይህን መልስ ማንም አልጻፈውም። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ።

ደብዳቤውን ሲሰጠኝ፣ "ወይ አንቺ ትጠየቂያለሽ ወይ እሳቸው። እሳቸው የራሳቸው ሥራ አላቸው፣ አንቺ ግን ከወጣሽ ወጣሽ" አለኝ። የልጆቼን ስም እየጠራ ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ ጠየቀኝ። "ቤተሰብ አለኝ እኮ" አልኩት። ፈረምኩ። ሳላነብ ፈረምኩ ብዬ ራሴን ለማሞኘት ሞክሬ አውቃለሁ። አንብቤዋለሁ፤ ሁለቴ።


ረቡዕ፣ ግንቦት 6

የቢሮው ነገረ ፈጅ አስጠናኝ። ከጅማ በቅርቡ የመጣ ልጅ እግር ነው፣ ጎበዝ፣ ሲናገር ጣቶቹን እያጠፈ ይቆጥራል።

አንድ፣ ካልተጠየቅሽ አትናገሪ። ሁለት፣ ከተጠየቅሽ "በደብዳቤው እንደገለጽኩት" በይ፣ ሌላ አትጨምሪ። ሦስት፣ እስከዚያ ከከሳሽ ጋር አንድ ቦታ አትታዪ። መንገድ ላይ ብትገናኙ እንኳ ተሻገሪ።

"ለነገሩ ያን ያህል ላይደርስ ይችላል" አለኝ። መከራከሪያው እንዲህ ነው፦ ብድሩ በስምምነት የመጣ ነው፣ ግዥው በአበዳሪው ደንብ ይመራል፣ መሰረዙንም አበዳሪው "አልቃወምም" ብሎ ጽፎለታል። ስለዚህ የአገር ውስጥ ፍርድ ቤት ገብቶ የማየት ሥልጣን የለውም። ይህን ከተቀበሉት መዝገቡ ይዘጋል፣ እኔም አፌን ሳልከፍት ወደ ቤቴ።

ይቀበሉት ብዬ ተመኘሁ። አምላኬን በሙሉ ልቤ ለመንኩት። ምን እየለመንኩ እንደሆነ የገባኝ ቤት ስደርስ ነው፦ ጋሽ አድማሱን የሚሰማቸው ሰው እንዳይኖር።


ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ጠዋት ጥሩምባ ተነፋ። እትዬ አበበች አርፈዋል።

እትዬ አበበች ጎረቤቴ ናቸው። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እናቴ ከደሴ መምጣት አልቻለችም፤ ያኔ አርባ ቀን ሙሉ እየተመላለሱ ያረሱኝ እሳቸው ናቸው። አማርኛቸው እንደ እኔ ካፊኖኖ ስብርብር ያለ ነበር፤ ግማሹን በእጅ ነበር የምንግባባው። ልጄን እስከ መጨረሻው "የእኔ" ነበር የሚሏት።

ለቅሶ ልሂድ ብዬ ስደውል ነገረ ፈጁ አላስጨረሰኝም። "ሰብሳቢው እሳቸው አይደሉም? ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ልትቀመጡ ነው? ያኔ የደብተሩን ገጽ ፎቶ ያነሳው ሰው ዛሬ ስልኩን ቤት ጥሎ የሚመጣ ይመስልሻል?" አለኝ። ልክ ነው። ሁሉም ነገር ልክ ነው።

ቢሮ ገባሁ። የዕድሩን ደብተር በባለቤቴ በሰለሞን ላክሁት። አስተማሪ ነው፤ ክፍሉን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ወደ ለቅሶው ሄደ። ደብተሩን ሲቀበለኝ ዓይኔን አላየኝም።

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። አንድም ገጽ ሥራ አልሠራሁም።


ዓርብ፣ ግንቦት 8

ተቀበሩ። አልሄድኩም።

አስከሬኑ ከቢሯችን በታች ባለው መንገድ ነበር የሚያልፈው። መስኮቱ አጠገብ ቆሜ መጋረጃውን ይዤ አየሁ። ጃንጥላ፣ ጃንጥላ፣ ጭቃ። ጋሽ አድማሱ ከፊት ናቸው፣ ጃንጥላ አልያዙም። አቶ ደረጀ ከኋላዬ መጥቶ፣ "ጥሩ አደረግሽ" አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቃል የሰደበኝ የለም።

ሰለሞን ሲመለስ ካፖርቱን እያወለቀ ነገረኝ። ከቀብር መልስ ስም የሚጠራ ጸሐፊ ስለሌለ ጋሽ አድማሱ ደብተሩን ራሳቸው ይዘው ጠሩ። የእኔ ስም ጋ ሲደርሱ ከኋላ አንዲት ሴት በካፊኖኖ የሆነ ነገር አለች፤ ሰለሞን ምን እንዳለች አልነገረኝም። ጋሽ አድማሱ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ "አስቴር አስፈቅዳኛለች" አሉና ቀጣዩን ስም ጠሩ።

አላስፈቀድኳቸውም። ከመጋቢት ወዲህ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።

እሳቸው ለእኔ ሲሉ በሰው ፊት ዋሹ። እኔ ለራሴ ስል በእሳቸው ላይ ዋሸሁ። ኩሽና ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። እትዬ አበበችን ይሁን ራሴን እንጃ።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

እውነቱን ብናገር፦
ከሥራ እባረራለሁ። ሐሰተኛ ደብዳቤ መፈረም ቀላል ጥፋት አይደለም፤ ደንቡን ለሌሎች ያስተማርኩት እኔ ነኝ።
አቶ ደረጀ "ራሷ አምጥታ የሰጠችኝ ነው" ይላል። እመሰክርለታለሁ የሚልም አያጣም።
በሰለሞን ደሞዝ ብቻ መኖር።
እናቴ ስትሰማ።

ባልናገር፦
ምንም አይሆንም። ሰኞ እንደ ሰኞ ይሆናል።

ይህኛውን ስጽፈው የበለጠ አስፈራኝ።

ከምሳ በኋላ ለሰለሞን ሁሉንም ነገርኩት። ዕድሩንና ጨረታውን ያውቅ ነበር፤ ደብዳቤውን ግን አያውቅም ነበር። ከዚያ፣ "ለምን አልነገርሽኝም?" አለ። "አትፈርሚ እንዳትለኝ" አልኩት። "እኔማ ፈርሚ እልሽ ይሆናል። ግን ብቻሽን አትሆኚም ነበር" አለኝ። ቁጣው ይሻለኝ ነበር።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አቶ ደረጀ ትናንት፣ "በእናንተ ክርክር እነዚያ የዋጫ ሴቶች ይጠሙ?" ብሎኛል። ቦታውን ሄጄ አይቼዋለሁ። ውኃ የሚቀዱበት ቁልቁለት ላይ ወጣት ሴቶች ጄሪካን ተሸክመው፣ እያዳለጣቸው፣ አንዳቸው የሌላዋን ቀሚስ ይዘው ነበር የሚወጡት። እኛ እዚህ በወረቀት ስንጓተት እነሱ እዚያ ናቸው። ይህን አለቃዬ መከራከሪያ ስላደረገው ሐሰት አይሆንም። ይህ ነው የሚያናድደኝ።


እሑድ፣ ግንቦት 10

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከኋላ ቆምኩ። ቅዳሴው ሳያልቅ ወጣሁ።

የልጆቹን ዩኒፎርም አጠብኩ። በዚህ ዝናብ አይደርቅም። ሌላ ምንም።


ሰኞ፣ ግንቦት 11

ልጻፈው፣ ሳይጠፋብኝ።

አዳራሹ ጠባብ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ዝናብ ሲመጣ ዳኞቹ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ሦስት ዳኞች። ጋሽ አድማሱ ከጠበቃቸው ጋር በስተግራ፣ ከረባት አስረው። ከረባት ሲያስሩ አይቻቸው አላውቅም። አቶ ደረጀ ከኋላዬ። ትንፋሹ ይሰማኛል።

መጀመሪያ "ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም" በሚለው መቃወሚያ ላይ ብይን ተሰጠ። ነገረ ፈጁ ጥሩ ተከራክሮ ነበር ማለት ነው፣ ምክንያቱም የመሐል ዳኛው ብዙ ጊዜ ወሰዱበት። እንደገባኝ ያሉት ይህን ነው፦ ስምምነቱ ግዥው በየትኛው ደንብ እንደሚካሄድ ይናገራል እንጂ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደንቡን መጠበቁን ማንም አይጠይቅም አይልም። የሰረዘው አበዳሪው አይደለም፣ ቢሮው ነው። አበዳሪው የጻፈው "አልቃወምም" የሚል ነው፤ የአለመቃወም ደብዳቤ ውሳኔ አይደለም። ፍርድ ቤቱ አሸናፊ አይመርጥም፣ አሠራሩን ግን ያያል። መቃወሚያው ውድቅ ሆነ።

የነገረ ፈጁ ጣቶች ጠረጴዛው ላይ ቆሙ።

ተጠራሁ። ማልኩ። የመሐል ዳኛው ደብዳቤውን አሳዩኝ።

"የጻፉት እርስዎ ነዎት?"

"የፈረምኩት እኔ ነኝ።"

"የጠየቅሁዎት መጻፉን ነው።"

"አልጻፍኩትም። ተጽፎ ነው የተሰጠኝ።"

ማን ሰጠዎት አሉ። ተናገርኩ። ከኋላዬ ወንበር ተንቋቋ።

"ይዘቱ እውነት ነው?"

"በደብዳቤው እንደገለጽኩት" የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፣ አጥንቼዋለሁ። ነገረ ፈጁን አየሁት፤ ጭንቅላቱን በእጆቹ ያዘ።

"የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሐሰት ነው" አልኩ። "ሁለተኛውም።"

"ሦስተኛውስ?"

"ሦስተኛው ቀኑ ነው፣ ክቡር ዳኛ። እሱ ትክክል ነው።"

አንድ ሰው ሳቀ። እኔ ለማሳቅ ብዬ አልነበረም። የቅጹን ነገር፣ "ዕድርስ ይጻፋል እንዴ" ብዬ መጠየቄን፣ መሳቃችንን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። የጋሽ አድማሱ ጠበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ "ቢሮው ከመሰረዙ በፊት ደንበኛዬን የጠየቃቸው ሰው ነበር?" "አልነበረም" አልኩ።

ስወርድ ጋሽ አድማሱ አላዩኝም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ነበር የሚያዩት። ለውሳኔ ለዓርብ ተቀጠረ።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

የታገድኩት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሳይሞላ ነው። የዲሲፕሊን ክሱ እስኪታይ ድረስ፣ ይላል ደብዳቤው። የመሳቢያዬን ቁልፍ፣ የኮምፒውተሩን ይለፍ ቃል፣ የቢሮውን ማኅተም የምናስቀምጥበትን ሣጥን አስረከብኩ። የተረካቢው ፊርማ፣ የአስረካቢው ፊርማ። ይሄኛውን በደስታ ፈረምኩት፤ ቢያንስ እውነት ነው።

አቶ ደረጀ ኮሪደሩ ላይ አገኘኝ። ይጮኻል ብዬ ነበር። "ቤተሰብ አለኝ እኮ አስቴር" አለኝ ቀስ ብሎ። እኔ መጋቢት ላይ የመለስኩለት ቃል ነው። አዘንኩለት። ያዘንኩለት መሆኑ ደግሞ አናደደኝ።


ረቡዕ፣ ግንቦት 13

በሥራ ቀን ቤት መዋል ያሳፍራል። ጎረቤት ቡና ጠጪ ብላ ጠራችኝ፤ ራሴን አሞኛል አልኩ። ለእናቴ አልደወልኩም። ሰለሞን ደረቅ እንጨት ገዝቶ ገባና ፈለጠው። የሚያስፈልገን አልነበረም።

የተሻለ እንቅልፍ ተኝቻለሁ ግን። ይህንንም ልጻፍ።


ዓርብ፣ ግንቦት 15

ውሳኔው ሲነበብ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መሄድ አልነበረብኝም፣ የጠራኝ የለም።

መሰረዙ ተሻረ። የዕድር አባልነት የጥቅም ግጭት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ፍርድ ቤቱ አልወሰነም፤ እሱን የሚወስነው ሌላ ኮሚቴ ነው፣ ሁለቱንም ወገን ጠይቆ። የአበዳሪው ደንብ ራሱ ተጫራች ከመሰረዙ በፊት ማብራሪያ ይጠየቅ ይላል፤ ቢሮው ይህን ዘሎ፣ ፈራሚዋ ራሷ ሐሰት ነው ባለችው ደብዳቤ ላይ ተመሥርቷል። ስለዚህ ውሳኔው ተሽሮ ነገሩ እንደ አዲስ ይታይ፣ ለየመሥሪያ ቤቱ የተበተነው የእገዳ ደብዳቤም ይሰብሰብ። ነገረ ፈጁ እዚያው ይግባኝ እንደሚል አስታወቀ። ፈንደሩ እስከዚያ ይታገሥ አይታገሥ የሚያውቅ የለም። የዋጫዎቹ ሴቶች ስም አንዴም አልተነሳም።

ዝናቡ ከበደና ሁላችንም ውጭ ጣሪያው ሥር ቆምን። የት ይሸሻል? ጋሽ አድማሱ ከጠበቃቸው ተለይተው ወደ እኔ መጡ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ክንዴን ይዘው አስቀሩኝ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሽ አድማሱ" አልኩ። ሌላ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ።

ወደ ዝናቡ ዞሩ። ከዚያ፣ "ቤቴ ከቢሮሽ ስንት ደቂቃ ይሆናል?" አሉኝ።

"አሥር ቢሆን ነው።"

"አሥር አይሞላም" አሉ። "ቢሮው ሳይጠይቀኝ ፈረደብኝ ብዬ ከሰስኩት። ዳኛውም እውነትህን ነው አሉኝ። አንቺም እኮ አልጠየቅሽኝም አስቴር። መጥተሽ 'እንዲህ ፈርሚ እያሉኝ ነው' ብትዪኝ፣ ልጆች አሉሽ፣ 'ፈርሚ' ነበር የምልሽ።"

ክንዴን ለቀቁኝና ዝናቡ ውስጥ ገቡ። ዛሬም ጃንጥላ አልያዙም። ጠበቃቸው ፋይሉን ደረቷ ላይ ይዛ ተከተለቻቸው።

ይቅር ብለውኝ ይሆን? ሰለሞን "ምን አሉሽ?" ሲለኝ "ምንም" አልኩት። ማታ እነግረዋለሁ። ሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ፤ የምሰጠውን መልስ አሁን ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን የማስበው ያንን አሥር ደቂቃ ነው። ያን ቀን ሄጄ፣ በራቸውን አንኳኩቼ፣ እሳቸው በገዛ አፋቸው "ፈርሚ" ቢሉኝ ኖሮ፣ እፈርም ነበር? አላውቅም።